የተኛ መኪና፣ ያልተኛ ሹፌር

ጋሽ ቱፋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መቂን አልፈን ወደ ሞጆ ስንመለስ፣ ተኝተው ነበር ወይስ ዐይናቸውን ብቻ ነበር የጨፈኑት? አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በዐይኔ አይቻለሁ። መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ቃል ሲሳሳት ራስ ምታት ለሚይዛት ሴት በሁለት ቃላት መካከል መወሰን አለመቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ልነሳ።

ስምሪት ክፍል የገባሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ እኔ ራሴ ደብተር ይዤ የማታ ተማሪ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ከአዳማ ተነስተው በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚመላለሱ ሚኒባሶች ባሉት አንድ የትራንስፖርት ማኅበር በስምሪት ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ሥራው የትኛው መኪና ከየትኛው ሹፌር ጋር ወዴት እንደሚሄድ መመደብና ሁሉም ሰው እንዲያየው ትልቁ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ አልማዝ ማርከሩን ሰጥተው ሰሌዳው ፊት አቆሙኝ።

«የምትጽፊው አራት ቃል ብቻ ነው» አሉኝ። «‹ወጥቷል› ካልሽ መንገድ ላይ ነው። ‹ገብቷል› ካልሽ ተመልሷል። ‹ቆሟል› ማለት ተበላሽቷል። ‹ተኝቷል› ማለት ደህና ነው፣ ግን አሁን ሥራ የለውም።»

«ሹፌሩስ?»

«መኪናው ከተኛ ሹፌሩም አርፏል። ሹፌር ያለ መኪና ምን ይሠራል ብለሽ ነው?»

ደስ አለኝ። መኪና ይተኛል የሚል ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። በመስኮቱ ወደ ግቢው ስመለከት፣ የዕለቱ ሥራ ያልደረሳቸው ሚኒባሶች ከኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ጠግበው እንደሚያመሰኩ ከብቶች ነበር የመሰሉኝ። «ተኝቷል» የሚለውን ቃል በትልቁ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አሳምሬ ጻፍኩት።

ሹፌሮቹ «መምህርት» የሚል ስም ያወጡልኝ ገና በመጀመሪያው ወር ነው። ከመሳቢያዬ መጽሐፍ አይጠፋም። ሰሌዳው ላይ ሰው በእጁ የጫረውን ሁሉ አርማለሁ። ሽመልስ የሚባል ተረበኛ ሹፌር እኔን ለማናደድ ብቻ «ስራ» ብሎ ይጽፍና ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔም ዝም ብዬ አጥፍቼ «ሥራ» ብዬ እጽፋለሁ።

«በእሳቱ ሰ ሲጻፍ መኪናው አልነሳም ይላል እንዴ መምህርት?» ይለኛል። ግቢው በሳቅ ያውካካል።

ዓመታት አለፉ። ወይዘሮ አልማዝ ጡረታ ሲወጡ ተቆጣጣሪነቱን እኔ ያዝኩ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱን መኪና በድምፁ አውቀው ነበር። ከወረቀቴ ቀና ሳልል፣ በአስነሳሱ ወይም በማርሽ አቀያየሩ፣ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ እናገራለሁ። የናፍጣ ሰልፍ ሲበረታ ሹፌሮች ቀኑን ሙሉ ማደያ ደጃፍ ይውሉ ነበር። ያንን ውሎ ሥራ አይደለም ያለ ሰው ትዝ አይለኝም።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶቹ መጡ፤ ግቢውም ዝም አለ።

ዝምታውን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። እያነበብኩ ወይም እየጻፍኩ ቆይቼ ቀና ስል ከዛፉ ሥር የነበረው መኪና የለም። ሲወጣ አልሰማሁትም። ፊቴ የነበረ ሰው ደህና ዋይ ሳይለኝ የሄደ ያህል ቅር ይለኛል። አንዳንድ ቀን፣ ሙቀቱ ሲከብድና ነፋሱ የሜዳውን አቧራ ቀስ አድርጎ ሲያነሳው፣ ነጫጮቹ መኪኖች በአቧራው ውስጥ ያለ ድምፅ ሲያልፉ አይቼ፣ ሥራ ላይ መሆኔንም እጠራጠራለሁ።

መናኸሪያ ውስጥ ግን ዝምታ የሚባል ነገር የለም። የናፍጣ ሹፌሮች የእኛዎቹን «ሞባይል ነጂ» አሏቸው። «ስልክህ ሞላ? ነቅለህ ና!» ይሏቸዋል። ተሳፋሪውም ጭቅጭቅ አላጣም። ሹፌሩ ባትሪው እንዳያልቅ ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፤ ተሳፋሪው «በሙቀት ልትቀቅለን ነው?» ብሎ ይጮኻል፤ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ሌላው አቧራ ገባብኝ ይላል። አንዲት እናት መኪናው አልተነሳም ብለው ጠብቀው ጠብቀው፣ «ልጄ፣ መቼ ነው የምታስነሳው?» ብለው ሽመልስን ጠየቁት አሉ። «እማማ፣ ሞጆን እኮ አልፈናል!»

ትልቁ አለመግባባት ግን ከእኔ ሰሌዳ ነው የጀመረው።

የኤሌክትሪኩ መኪና ከአዳማ ባቱ ይደርሳል፣ እዚያ ገመድ ይሰካለታል፣ ሲሞላ ይመለሳል። እየሞላ እያለ ሹፌሩ ስልክ ደውሎ ያሳውቀኛል። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ሥራ አስኪያጁን አቶ ሰለሞንን ጠየቅኳቸው።

«እየሄደ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«እንግዲህ ተኝቷላ! ተኝቷል በይ።»

አቶ ሰለሞን ክፉ ሰው አይደሉም። የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። መኪና በሰዓቱ ካልደረሰ ግን የመናኸሪያው ሰው ሁሉ የሚጮኸው በእሳቸው ላይ ነው። እኔም ከአራቱ ቃላት ሌላ ስላልነበረኝ «ተኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። መኪናው ከተኛ ደግሞ ሹፌሩ አርፏል። በማኅበሩ ደንብ ረጅም መንገድ የነዳ ሹፌር ሳያርፍ ሌላ ጉዞ አይሰጠውም። ያረፈ ይሰጠዋል። ስለዚህ ከባቱ የተመለሰ ሹፌር አዳማ ገብቶ እግሩን ሳይዘረጋ እንደገና ይወጣ ጀመር።

ሹፌሮቹ አንድ ቀን ተሰብስበው መጡ።

«መምህርት፣ እስቲ አንቺ ንገሪን» አለ ሽመልስ። «ባቱ ላይ የተኛው እኔ ነኝ ወይስ መኪናው?»

«መኪናው።»

«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ መኪናው ይንዳኛ!»

አቶ ሰለሞን ከቢሮአቸው ወጡ። «ገመድ ሰክቶ ጥላ ሥር መቀመጥ ሥራ ሆነ እንዴ? የናፍጣው ሰልፍ ናፈቃችሁ?»

«በሰልፉ ጊዜ ቢያንስ ሰልፈኛ እንባል ነበር» አለ ሽመልስ። «አሁን እንቅልፋም ሆንን።»

ሁሉም ሲስቁ ጋሽ ቱፋ አልሳቁም። ከሹፌሮቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። በጉልምስናቸው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭነው ጅቡቲ ይመላለሱ ነበር። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ እርጥብ መሐረብ አለ። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ያን ቀን መሐረባቸውን እያጠፉ ዘረጉት፣ እየዘረጉ አጠፉት፣ ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

አቶ ሰለሞን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ለማንም አትወግኚም። ባቱ ድረስ ሂጂና እይው። እረፍት ከሆነ እረፍት ነው በይኝ፣ ሥራ ከሆነም ሥራ ነው በይኝ።»

ከጋሽ ቱፋ ጋር ሄድኩ።

ባቱ ያለው የመሙያ ቦታ አንድ ግራር ያለበት ሰፊ ግቢ ነው። እኔ ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መጽሐፌን ከፈትኩ። ገና ገጹን ሳልገለብጥ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ገመዱ ተነቅሎ እንደገና መሰካት አለበት፤ ጋሽ ቱፋ ሄደው ሰኩት። አንድ የቤት መኪና የያዘ ጎረምሳ ደርሶ፣ «አባባ፣ የእርስዎ እኮ ሞልቷል፣ ይንቀሉልኝ» ብሎ ያዛቸው። «አልሞላም፣ ና ቁጥሩን አንብበው» አሉት። ጎረምሳው አንብቦም አልሄደም። መብራቱ ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። ጋሽ ቱፋ የገመዱን ሙቀት በመዳፋቸው ይለካሉ፤ የመስታወቱን አቧራ ይጠርጋሉ፤ ዳቧቸውን ቆመው በሉ። ትኬት በቢሮ ስለሚቆረጥ ሚኒባሶቻችን ረዳት የላቸውም። መኪናውን ትተውለት የሚሄዱት ሰው አልነበረም።

«ለምን ትንሽ ጋደም አይሉም?» አልኳቸው።

«ጋደም ባልኩበት ቢነቀልስ? መንገድ ላይ ስንቀር የሚጠየቀው ገመዱ ነው?»

መጽሐፌን ዘጋሁት።

ስንመለስ መኪናው በተሳፋሪ ሞልቶ ነበር። ከኋላዬ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። መቂን አለፍን፤ በመንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያዎች ተከምረዋል፣ ደላሎች ጥላ ፍለጋ ከጭነት መኪና ሥር ገብተው ያወራሉ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ለጥ አለ። ሞተር የለም፣ የሚንቀጠቀጥ መስታወት የለም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ አንገቱን ጣለ። ከሩቅ አስፋልቱ ላይ ውኃ የሚመስል ነገር ያብለጨልጫል፤ ስንቀርበው ይሸሻል። የምንሄደው እኛ መሆናችንን ረሳሁት፤ ግራሮቹ ናቸው በዝግታ ወደ ኋላ የሚሄዱት። ሰው በቀን ሳይተኛ ሕልም የሚያይ ከሆነ እንደዚያ ይመስለኛል።

ወደ ጋሽ ቱፋ ዞር አልኩ። እጆቻቸው መሪው ላይ ናቸው። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። ዐይናቸው ተከድኗል።

ስማቸውን ልጠራ አፌን ስከፍት ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠር ነካ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጠጠሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ጮኸ። ጋሽ ቱፋ ዐይናቸውን ገልጠው፣ ሳይደናገጡ፣ መኪናውን ወደ መስመሩ መለሱት። ከተሳፋሪው የነቃ የለም። ሕፃኑ ብቻ ትንሽ ተነጫንጮ ተወ።

«ፀሐዩ…» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«አዎ፣ ከባድ ነው» አልኩ። ሞጆ እስክንደርስ ከፊታቸው ዐይኔን አልነቀልኩም።

በማግስቱ ለአቶ ሰለሞን ባቱ ላይ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ጎረምሳውን፣ ቆመው የበሉትን ምሳ። «ሥራ ነው» አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«አምንሻለሁ። ግን መጠበቅ ከመንዳት እኩል ያደክማል? ከዚህ የተነሳ የደረሰ ነገር አለ?»

ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር። መሪ ላይ ያንቀላፋ ሹፌር ደግሞ በማኅበሩ ደንብ በዚያው ቀን ከመሪ ይወርዳል፤ አይመለስም። ብናገር ጋሽ ቱፋ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሥራ ያጣሉ። ባልናገር በሚቀጥለው ጊዜ ጠጠሩ ላይቀሰቅሳቸው ይችላል።

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሹፌር ከባቱ ሲደውል ሰሌዳው ላይ በ«ተኝቷል» ፈንታ «ይሞላል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አቶ ሰለሞን ሲያልፉ በመሐረባቸው አጥፍተው «ተኝቷል» ብለው ይጽፋሉ። እሳቸው ሲሄዱ እኔ አጠፋለሁ። አንዴ ሁለታችንም እኩል ሰሌዳው ፊት ደረስን።

«ወይዘሮ ትርሲት» አሉኝ በትሕትና፣ «አዲስ ቃል ለመጨመር አዲስ ደንብ ያስፈልጋል።»

«አሮጌው ቃል እኮ እውነት አይደለም።»

«እውነት ላይሆን ይችላል። ግን የምንሠራበት እሱ ነው።»

ማርከሬን ከድኜ ቃሉን እንዳለ ተውኩት። የጠጠሩ ድምፅ ግን አልተወኝም። ሻይ ስቀዳ፣ ገጽ ስገልጥ፣ የጎረቤት ልጆች ቆርቆሮ ሲመቱ፣ ጎማው ሲወርድ እሰማለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን ነው። ጋሽ ቱፋ ከባቱ ገብተዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ አርሲ ነገሌ የሚሄድ መኪና አለ፤ የእህል ነጋዴዎች ትኬት ቆርጠው በር ላይ ይጠብቃሉ። ሰሌዳው በሚለው መሠረት ያረፈው ሹፌር ጋሽ ቱፋ ናቸው። ስማቸውን ልጽፍ ማርከሩን አነሳሁ። የመጀመሪያውን ፊደል ጻፍኩ። ሁለተኛውን እጄ እምቢ አለኝ።

ወደ ግቢው ወረድኩ። መስታወት እየወለወሉ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ቱፋ፣ የዚያን ቀን፣ ከመቂ ወዲህ… ዐይንዎ ተከድኖ አይቻለሁ።»

ጨርቁን እንደያዙ መወልወላቸውን አቆሙ። 

«ከኋላ ሕፃን የታቀፈች ነበረች አይደል?»

«ነበረች።»

«ተኝቼ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም፣ ኢንተላ ኮ። ጠጠሩ ይሁን የቀሰቀሰኝ እንኳ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ይኸንኑ ነው የማስበው።» ወደ ቢሮው አዩ። «ለሰለሞን ነግረሻል?»

«አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም። መጀመሪያ እርስዎ ይስሙ ብዬ ነው።»

«ብትነግሪውስ ኖሮ እጣላሽ ነበር?»

«እንጃ።»

«እጣላሽ ነበር» አሉና ጨርቁን አጣጥፈው ኮፈኑ ላይ አኖሩት። «ነይ።»

አቶ ሰለሞን ሲያዩአቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጋሽ ቱፋ አልተቀመጡም።

«ሰለሞን፣ ሰው ጭኜ መሪ ላይ ዐይኔ ተከድኗል። ባቱ ላይ ደግሞ አንድ ቀንም አልተኛሁም፤ ይህቺ ምስክሬ ናት። ሁለቱንም አንድ ላይ ትወስዳለህ። አንዱን መርጠህ አይሆንም።»

አቶ ሰለሞን እኔን አዩኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ጋሽ ቱፋ፣ ደንቡን ያውቁታል» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አውቀዋለሁ። ቁልፉ ይኸው።»

አቶ ሰለሞን ቁልፉን ቶሎ አልተቀበሉም። መጨረሻ ላይ ተቀበሉና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። ከዚያ «ለአርሲ ነገሌው ማን አለ?» አሉኝ።

«ከባቱ የገቡት ብቻ ናቸው ያሉት። አንዳቸውም አልተኙም።»

በመስኮቱ በር ላይ የሚጠብቁትን ነጋዴዎች አዩ። «ጉዞውን ሰርዢው።»

በሩ ላይ ወጥቼ ለነጋዴዎቹ ነገርኳቸው። አንዱ ግቢውን በከዘራው እያሳየ፣ «ሹፌር አጣን ነው የምትይኝ? ይኸው ሙሉ ሹፌር ቆሞ አይደለም እንዴ!» አለኝ።

«አልተኙም» አልኩት።

«በጠራራ ፀሐይ ማን ይተኛል እመቤቴ?»

 ጋሽ ቱፋ ከኋላዬ ወጡ። ሹፌሮቹ ነገሩን ሰምተው ነበር፤ ሽመልስ ፊቱን አዞረብኝ። ጋሽ ቱፋ አጠገቡ ቆም ብለው፣ «የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሷን ተዋት» አሉትና ወደ መናኸሪያው አቀኑ። ከግቢው በእግራቸው ሲወጡ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዛሬ ባቱ ላይ ገመድ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለን። ሹፌሩ የሚተኛበት ፍራሽ ያለው ክፍልም ተከራይተናል። ያንን የጠባቂነት ሥራ ጋሽ ቱፋ እንዲይዙት ተጠይቀው ነበር፤ አልፈለጉም። መቂ ሽንኩርት ያለማሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሽመልስ ለረጅም ጊዜ ሰላም አላለኝም፤ ኋላ ግን ከዚያው ክፍል ተኝቶ ተነስቶ ደወለልኝ። «መምህርት፣ እኔም መኪናውም ተኝተናል ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ስምሪት ክፍል ለምትገቡ ይህን እነግራችኋለሁ። መኪና ሲሞላ ሹፌሩ አያርፍም። ሹፌር የሚያርፈው ሌላ ሰው ሲጠብቅለት ነው።